ክር የገባባቸው መርፌዎች

የእንግሊዝኛ መምህርቷ ሁለቱን ቃላት ስታስተምር ምሳሌዋ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ ሎሚና ብርቱካን። ሰሌዳው ላይ በግራ በኩል «ሴፓሬት»፣ በቀኝ በኩል «ዲቫይድ» ትጽፍና ጠመኔዋን አስቀምጣ እጆቿን ታራግፋለች።

«አንድ ቅርጫት ውስጥ ሎሚና ብርቱካን ተደባልቋል እንበል። ሎሚውን ወዲህ፣ ብርቱካኑን ወዲያ ብታደርጉ ሴፓሬት አደረጋችሁ፤ ለያችሁ ማለት ነው። ሎሚውም ሎሚ ነው፣ ብርቱካኑም ብርቱካን ነው፣ ምንም የጎደለው የለም። አንዱን ብርቱካን አንስታችሁ በቢላ ለሁለት ብትሉት ግን ዲቫይድ አደረጋችሁት፤ ከፈላችሁት። ከዚያ በኋላ በእጃችሁ ያለው ብርቱካን አይደለም። ግማሽና ግማሽ ነው። መልሳችሁ ብታጋጥሙትም አይገጥምም።»

ይህን ስንት ዓመት እንዳለችው እሷም አታውቀውም። ድሮ ወጣት ሳለች እውነተኛ ሎሚና ብርቱካን በቦርሳዋ ይዛ ትመጣ ነበር። ተማሪዎቹ ከቃላቱ ይልቅ ብርቱካኑን ስለወደዱት ተወችው። አሁን በባዶ እጇ አየሩን ትቆርጣለች፤ እነሱም ገብቷቸው ይሁን ደክሟቸው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ።

አንድ ቀን፣ የመጨረሻው ክፍለ ጊዜ ነበር። እግሯ ጫማዋ ውስጥ አብጦ፣ ደወሉን በጆሮዋ ሳይሆን በቁርጭምጭሚቷ ነበር የምትጠብቀው። ከኋላ የተቀመጠች ተማሪ እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ ሰውስ? ሰው ሲሆን የትኛው ነው?»

«ሰው ይለያያል እንጂ አይከፈልም» አለች መምህርቷ፣ ሳታስብ። «እያንዳንዱ ሙሉ ነዋ። ሴፓሬት ነው።»

ልጅቷ ጻፈችው። መልሱ ትክክል ነው፤ መማሪያ መጽሐፉም ከዚህ የተለየ አይልም። መምህርቷን ግን አፏ ላይ መረራት። ይህንኑ መልስ ከጥቂት ሳምንታት በፊት ለራሷ ሰጥታ፣ በዚያው መልስ እናትና አባቷን ለያይታ ነበርና። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች የሚባለው ለእንደዚህ ዓይነቷ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ወላጆቿ ሁለቱም ልብስ ሰፊዎች ናቸው። አባቷ ይቆርጣሉ፣ እናቷ ይሰፋሉ። ዕድሜያቸውን ሙሉ በአንድ የኪራይ ቤት፣ ፊት ለፊት ባለችው ክፍል እየሠሩ፣ ከኋላ ባለችው እየተኙ ኖሩ። ስም መጠራራት የሚባል ነገር አያውቁም። አባትየው «ሰፊዋ» ይላሉ፣ እናትየዋ «ቆራጩ» ይላሉ፤ በጣም ሲናደዱ ደግሞ «ሴትዮ» እና «ሰውዬ»።

ከዚያ እርጅና መጣ። የመጣውም ተከፋፍሎ ነው። የአባትየው ዓይን መጀመሪያ ደበዘዘ፣ ቀጥሎ ጨለመ፤ ሐኪሞቹም አይተው አይተው እጃቸውን ታጠቡ። የእናትየው ዓይን እንደ ጭልፊት እንደሆነ ቀረ፤ የሄደው ትዝታቸው ነው። በቁልፍ ጀመረ፣ ወደ ድስት ተሻገረ፣ ከዚያ ቀኑን፣ ከዚያ የጎረቤቱን ስም ወሰደ። እንዲህም ሆኖ ሱቋ አልተዘጋችም። ጎረቤት ሱሪ ሊያሳጥር፣ ዚፕ ሊያስቀይር ይመጣል፤ ሥራው በቀጠሮው ቀን ያልቃል። አንድ የማያይና አንዲት የማታስታውስ እንዴት አድርገው ሱሪ ያሳጥራሉ ብሎ የጠየቀ ሰው አልነበረም። ልጆቻቸውም አልጠየቁም። ሥራ የሚጠየቀው ሲበላሽ ነው።

ልጆቹ በየእሑዱ ሲመጡ የሚሰሙት ጭቅጭቅ ብቻ ነበር።

«ሴትዮ፣ ምድጃው ላይ ድስት ጥደሻል!»

«እግርህን አንሳ፣ ወንበር አለ!»

«ቅድም ነገርኩሽ፣ የሱ ሱሪ አይደለም፣ የወንድሙ ነው!»

«ወደ ግራ ነው የምልህ! ግራህ የት ነው?»

ከጠዋት እስከ ማታ ይኸው ነው። ወንድሟ «እነዚህ ሰዎች አንድ ቀን በመቀስ ይወጋጋሉ» ይል ነበር፤ እሷም ትስቅ ነበር።

ወንድሟን ቤተሰቡ «ሹሙ» ይለዋል። ከልጅነቱ ጀምሮ ያዛል፤ የሚታዘዘው ግን ተገኝቶ አያውቅም። የመለዋወጫ ዕቃ መጋዘን ኃላፊ ነው፤ ሚስትና ሦስት ልጆች አሉት፤ ቤቱ ውስጥ ትርፍ የምትባለዋ ክፍል ሻንጣ የሚቀመጥባት ናት። የኪራይ ቤቱ ባለቤት ቤታቸውን ለልጃቸው እንደሚፈልጉት በተናገሩ ሳምንት፣ ሹሙ እህቱ ዘንድ መጥቶ ሳሎኗ ውስጥ ተንጎራደደ።

«ሁለቱንም አንዳችን ጋ ማስገባት አይሆንም» አለ። «እኔ ጋ ያለችው ክፍል አንድ ጠባብ አልጋ ነው የምትችለው። አንቺም ያው ነሽ፣ አንድ መኝታ ቤት ነው ያለሽ። እኩል እንካፈል። አንቺ አባዬን፣ እኔ እማዬን።»

«እንካፈል አትበል» አለችው። «ዕቃ ናቸው እንዴ?»

«እሺ ምን ልበል?»

«ለጊዜው ለየብቻ ይቀመጡ በል። ሁለቱም በየፊናቸው ይረፉ። እንዲያውም ከጭቅጭቁ ይገላገላሉ።»

ይህን ስትል ሎሚውና ብርቱካኑ በዓይነ ልቦናዋ መጡላት፣ ቀለል አላት። ምንም የጎደለው የለም አለች። ደክሟት ነበር፤ የደከመው ሰው ደግሞ የሚያሳርፈውን ቃል ሲያገኝ እውነት ነው ውሸት ብሎ አይመረምርም።

አባቷ ሲነገራቸው «እሷ ማን ጋ ነው የምትሄደው?» ብለው ጠየቁ። ሹሙ ጋ ሲባሉ «እሺ። ድስት ስትጥድ ይንገራት» አሉ። እናቷ ለሁሉም ነገር «እሺ የኔ ልጅ» ካሉ በኋላ፣ ጥቂት ቆይተው የት ነው የምንሄደው ብለው እንደ አዲስ ጠየቁ። ዕቃው በተጫነበት ቀን እናቷ በመኪናው መስኮት እጃቸውን አወዛወዙ። አባቷም እጃቸውን አነሱ፤ ግን መኪናው ወደሌለበት አቅጣጫ ነበር። ወደ ቀኝ ነው የሚላቸው አልነበረም።

እንግዲህ ያን ቀን፣ ሰው አይከፈልም ብላ አስተምራ፣ የደንብ ልብስ የለበሰ ሕፃን እንደሚጎትተው ቦርሳዋን እየጎተተች ሦስተኛ ፎቅ ላይ ወዳለው ቤቷ ወጣች። በሩን ስትከፍት አባቷ ሳሎኑ መሃል ቆመዋል፤ አንድ እጃቸው ግድግዳውን ይዟል።

«እንዳትገቢ» አሉ። «ብርጭቆ ሰብሬያለሁ።»

«መቼ?»

«እንጃ። የጎረቤቱ ሬዲዮ ዜና ሁለቴ ተናግሯል።»

ስብርባሪው የት እንደወደቀ ስላላወቁ ከዚያ ቦታ ሳይነቃነቁ እንደቆሙ ነው የዋሉት። «ብትደውልልኝስ ምናለበት!» ብላ ጮኸችባቸው።

«ስልኩ ወዲያ ማዶ ነው» አሉ አባቷ ቀስ ብለው።

መጥረጊያውን አነሳች። መጥረጊያው ላይ ተናደደች፣ ብርጭቆው ላይ ተናደደች፣ አባቷ ላይ ላለመናደድ ከንፈሯን ነከሰች። ሲያልቅ አባቷን ወንበራቸው ላይ አስቀመጠቻቸው። እሳቸውም እንደ ሁልጊዜው ከጎናቸው ያለውን ፌስታል ዳብሰው ጥቁር ሱሪያቸውን አወጡ። ከመጡ ጀምሮ ይህን ሱሪ ያሳጥራሉ። መቁረጡስ በጣታቸው ለክተው በትክክል ቆርጠውታል፤ የቀረው መዘምዘሙ ነው።

«ክር አስገቢልኝ» አሏት።

የሷም ዓይን ዕድሜውን አውቋል። ክሩን በምራቋ አሹላ፣ ስታ፣ ደግማ ስታ፣ አስገባችና መርፌውን ጣቶቻቸው መሃል አስያዘቻቸው። ከዚያ ወጥ ቤት ገባች። ጥቂት ቆይተው «ቀጥ ብሏል?» ሲሉ ሰማቻቸው።

«ቀጥ ብሏል» አለች፣ ሽንኩርት እየላጠች፣ ሳታይ።

ስትመለስ ስፌቱ የሰካራም መንገድ ይመስል ነበር። አባቷ በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት፣ አንድ በአንድ ይፈቱት ጀመር። መምህርቷ ፊቷ ጋለ። ተማሪ እንዲህ ቢዋሻት ከክፍል ታስወጣው ነበር።

የፈተና ወረቀቷን ዘርግታ ልታርም ስትቀመጥ ስልኳ ጮኸ። ሹሙ ነበር።

«ስሚ፣ ሚስቴ መርፌ ላይ ተቀመጠች።»

«ምን?»

«መርፌ ላይ! ሶፋው ላይ! እማዬ ቤት ውስጥ ያለ መርፌ በሙሉ ክር አስገብታ ሰክታዋለች። መጋረጃው ላይ፣ ትራሱ ላይ፣ የኔ የሥራ ኮት ላይ። ትናንት ሠራተኞቼን ስቆጣ ኮሌታዬ ላይ ቀይ ክር ተንጠልጥሎ ዋለ። ሲስቁ ነገሩ አልገባኝም።»

መምህርቷ በዚያ ሳምንት ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች። ወንድሟ ግን አልሳቀም።

«አትሳቂ፣ እባክሽ። ክሩን ታስገባለች፣ ከዚያ መርፌውን ይዛ ከክፍል ክፍል እየዞረች 'እንካ፣ እንካ' ትላለች። ለማን ነው ስንላት አታውቀውም። ቅድም በሩን ከፍታ ወጥታ መንገድ ላይ አገኘናት። መርፌዋን ለአላፊ አግዳሚው ትዘረጋለች። ሰው እንደ እብድ እያያት ይሸሻታል።» ትንፋሹ ተሰማት። «ሚስቴ ደክሟታል። እኔም ደክሞኛል። አንድ ነገር አስቤያለሁ፤ ለምን አንለዋወጥም? አንቺ እማዬን ውሰጂ፣ እኔ አባዬን። እሱ ዝም ብሎ ይቀመጣል፣ አይደል?»

«ዝም ብሎ ይቀመጣል» አለች መምህርቷ።

ዓይኗ አባቷ ላይ ነበር። ሱሪውን ጭናቸው ላይ ዘርግተው፣ ቀኝ እጃቸውን ወደ ጎን ዘርግተዋል፤ መዳፋቸው ወደ ላይ ክፍት ነው። ከመጡ ጀምሮ ሲያደርጉት አይታለች። የእርጅና ነገር ነው ብላ ነበር ያለፈችው። አሁን ያን ባዶ መዳፍ እያየች፣ በጆሮዋ ደግሞ መርፌ ይዘው የሚዞሩትን እናቷን እየሰማች፣ ሁለቱን አጋጠመቻቸው።

«እደውልልሃለሁ» ብላ ዘጋችው። «አባዬ፣ እጅህን ለምን ትዘረጋለህ?»

አባቷ ሲሰርቁ እንደተያዙ እጃቸውን ሰበሰቡ። «ልማድ ነው። ክር ያስገባችበትን ታቀብለኛለች።»

«አሁን አሁን የምትሰፋው አንተ ነህ ማለት ነው?»

«ማን ይሰፋል ታዲያ? እሷ ክር ታስገባለች፣ 'ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ' ትላለች። እኔ የማን ልብስ እንደሆነ፣ ስንት ጣት እንደሚያጥር እነግራታለሁ። ትረሳዋለች፤ ደግሜ እነግራታለሁ።»

«እኛ እኮ የምትጨቃጨቁ ነበር የሚመስለን።»

«እንጨቃጨቃለን እንጂ» አሉ አባቷ፣ ጥያቄው ገርሟቸው። «ሰው ከራሱ ጋር አይጨቃጨቅም?»

መምህርቷ ያልታረመውን ወረቀት ወደ ጎን ገፋችው። ባልና ሚስት ከአንድ ባሕር ይቀዳል ሲባል ስትሰማ ነው ያደገችው፤ የሠርግ ወሬ ነው ብላ ነበር የምታልፈው። ሎሚና ብርቱካን መስለዋት ነበር። ቅርጫቱ ውስጥ የነበረው ግን ገና ከጥንቱ አንድ ብርቱካን ነው፤ ቢላውን ያነሳችው ደግሞ እሷ ናት፣ ስሙን አሳምራ። ለዚያች ልጅ የሰጠቻት መልስም ስህተት ነው። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይላሉ፤ እሷን ግን ገደዳት። ለማልቀስም አቅም ይጠይቃል።

መልሳ ደወለች። «አንለዋወጥም» አለችው። «እማዬን አምጣት። ሁለቱም እኔ ጋ ይሆናሉ።»

«አብደሻል? የት ልታስተኚያቸው?»

«መኝታ ቤቴ።»

«አንቺስ?»

«ወጥ ቤቱ ውስጥ ፍራሽ ይዘረጋል። እኔ ሙሉ ነኝ፣ የትም እተኛለሁ።»

«ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም፣ እህቴ። ትምህርት ቤት ስትሆኚ ማን ያያቸዋል?»

«እስካሁን ማን ነበር የሚያያቸው? ዓይኑ እሷ ናት፤ የሷ ትዝታ እሱ ነው። እኛ ነን መሃላቸው ገብተን የቆረጥናቸው። አንተም ሥራ ስትወጣ በዚህ በኩል እለፍ። የኔን ጫንቃ ብቻ አትመልከት።»

ሹሙ «ሰፋ ያለ አልጋ እኔ አመጣለሁ» አለ። ራሱን ሲያዝ የመጀመሪያው መሆኑ ነው።

ደስ አላላትም፤ እዚህ ላይ ማንም እንዳይሳሳት። የሚጠብቃትን ታውቀዋለች። የሚታጠበውን አንሶላ፣ የሐኪም ቤቱን ወረፋ፣ ፍራሹ ላይ የሚጣመመውን አንገቷን፣ ይህም በሳምንት በወር የማያልቅ መሆኑን። ከዚህ በኋላ እረፍት የሚባለውን ቃል ለተማሪዎቿ ካልሆነ በቀር እንደማትጠቀምበት ገብቷታል። ግን ሌላው መንገድ ከድካም የከፋ ነው።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሹሙ እናቱን በክንዱ ደግፎ ደረጃውን ወጣ። የእናቲቱ ሹራብ ደረት ላይ ክር የገቡባቸው መርፌዎች ተደርድረዋል፤ ቀይ፣ ነጭ፣ ሰማያዊ። አባቷ ኮቴውን ሲሰሙ ከወንበራቸው ተነስተው ቆሙ። ፂማቸውን ተላጭተው፣ ኮታቸውን ለብሰው ነበር።

እናቷ ሳሎኑን ቃኙት። የቆሙትን ሽማግሌ አዩና አንገታቸውን ዝቅ አደረጉ።

«እንደምን ዋሉ፣ አባት» አሉ በትሕትና።

ሹሙ ወለሉን ተመለከተ። አንድ ዕድሜ ሙሉ «አንተ» ሲሏቸው የኖሩትን ሰው «እርስዎ» አሏቸው። መምህርቷ የበሩን እጀታ ያዘች። ዘግይተናል አለች በልቧ። የተከፈለው ብርቱካን አይገጥምም ብላ ያስተማረችው እሷው ናት።

«እግዚአብሔር ይመስገን» አሉ አባቷ። ድምፃቸው ትንሽ ሻከረ እንጂ አልተሰበረም።

«ዓይንዎን ምን ነካዎት?»

«ሰው ጋ ትቼው ነው።»

«ማን ጋ?»

«አንዲት ልብስ ሰፊ ጋ።»

«ውይ!» አሉ እናቷ ከልባቸው አዝነው። «ባትመልስልዎትስ?»

«ትመልሳለች» አሉ አባቷ። «ትረሳለች እንጂ ክፉ ሴት አይደለችም።»

ከዚህ ሌላ አልለመኑም፣ ራሳቸውንም አላስተዋወቁም። በጉልበታቸው ወንበሩን ፈልገው ተቀመጡ፣ ጥቁሩን ሱሪ ጭናቸው ላይ ዘረጉ፣ ቀኝ እጃቸውን ወደ ጎን አወጡ። መዳፋቸው ክፍት ነበር። እናቷ ያን መዳፍ አዩት። ወደ ደጅ የሚያዩ መስለው ፊታቸውን መለሱ፣ ደግሞ ተመልሰው አዩት። ከዚያ እጃቸው በራሱ ጊዜ ወደ ሹራባቸው ሄዶ አንድ መርፌ ነቀለ።

«እንካ» አሉ።

መርፌውን መዳፋቸው ላይ አኖሩት፤ ሳይወጋቸው፣ በአግድም። አባቷ ጣቶቻቸውን ገጠሙ። ትከሻቸው አንዴ ከፍ፣ አንዴ ዝቅ አለ።

«የማን ነው ይሄ ሱሪ?» አሉ እናቷ ጎንበስ ብለው።

«የኔ ነው።»

«ምነው እንዲህ ጠመመ? ምን ሆነህ ነው የሰፋኸው?»

«የሚነግረኝ አልነበረማ። ክሩ ምን ዓይነት ቀለም ነው?»

«ቀይ።»

«ሱሪው ጥቁር ነው፣ ሴትዮ!»

«እና? አንተ እንደሆነ አታየው! ወደ ግራ… ወደ ግራ ነው የምልህ! ግራህ የት ነው?»

መምህርቷ ወጥ ቤት ገብታ ፍራሹ ላይ ተቀመጠች፣ ጫማዋን አወለቀች። ሹሙ ተከትሏት መጥቶ በሩ ላይ ቆመ። ዓይኑ ቀልቷል።

«ጀመራቸው ደግሞ» አለ።

«ተዋቸው፣ ይሥሩ።»

ጀርባዋን ለግድግዳው ሰጠች። ነገ ይረሱ ይሆናል፤ ነገ እንደገና «እንደምን ዋሉ፣ አባት» ይሏቸው ይሆናል። እንደገና መዳፍ ይዘረጋል። ዓይኗ እየተከደነ በግድግዳው ማዶ የእናቷን ድምፅ ሰማች።

«ቆራጩ፣ ልጆቹ የት ሄዱ?»

«እዚሁ ናቸው፤ ወጥ ቤት።»

ጥቂት ቆይተው እናቷ ደግመው ጠየቁ፤ አባቷም ደግመው ነገሯቸው።